የዘጠነኛው ካቢን ፒን

የምስክር ቃል መቀበያ ቅጽ፦ ተጨማሪና ማረሚያ ቃል

የምስክሩ መጠሪያ፦ በሥራ ባልደረቦቹ ዘንድ «ቄሱ»፤ ሙሉ ስሙ በቅዳሜው ቃል ላይ ተመዝግቧል
ዕድሜ፦ 61
የትምህርት ደረጃ፦ ስድስተኛ ክፍል
የጋብቻ ሁኔታ፦ ሚስቱ የሞተችበት
ሥራ፦ በመዝናኛ ፓርኩ የትልቁ መንኮራኩር በር ዘጊ፣ ለ14 ዓመት
አድራሻ፦ ከፓርኩ የኋላ በር ፊት ለፊት፣ ከጎማ ጠጋኙ በላይ ያለው አንድ ክፍል
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡40
ቃሉን የተቀበለው፦ የምርመራ ክፍሉ መርማሪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር ባለፈው ቅዳሜ ከምሽቱ 12፡30 ላይ በዚሁ ክፍል፣ በዚሁ ወንበር ተቀምጬ ቃል ሰጥቼ ነበር። ዛሬ የመጣሁት ያንን ቃል ለማረም ነው። የጠራኝም ያስገደደኝም የለም። በቅዳሜው ቃሌ ውስጥ ሦስት ውሸት አለ። አንድ ደግሞ እውነት የሆነ፣ ግን ከሦስቱ ውሸት የባሰ ነገር አለ። በዚያ ቃል ምክንያት አንድ ሰው ሚስቱን ከመንኮራኩር ላይ ገፍትሮ ሊገድል ሞክሯል ተብሎ ታስሯል፤ አሁን ይህን ስናገር ከዚህ ክፍል በታች ባለው ማረፊያ ነው ያለው። ሰውየው ሚስቱን አልገፋም። በሩን ሳልቆልፍ የለቀቅኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ በደንብ እንዲገባ አስቀድሜ የሥራዬን ጠባይ ላስረዳ። መንኮራኩሩ አሥራ ስምንት ካቢኖች አሉት። ካቢን የምንለው ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ከወገብ በላይ ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ነው። በሩ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። መቀርቀሪያ አለው፣ ግን ስላረጀ ሰው ጀርባውን ጥሎ ከተደገፈበት ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ከውጭ በኩል የመሃል ጣት የሚያህል የብረት ፒን ይሰካበታል። በእያንዳንዱ ፒን ላይ የካቢኑ ቁጥር ተቀርጿል፤ ከሩቅ እንዲታይም ቀይ ጨርቅ ታስሮበታል። ካቢኑ መሳፈሪያው ላይ ሲደርስ ፒኑን እነቅላለሁ፣ የነበሩትን አወርዳለሁ፣ አዲሶቹን አስገባለሁ፣ በሩን ዘግቼ ፒኑን እሰካለሁ፣ ከዚያ እጄን አነሳለሁ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ቀጮ የምንለው ባልደረባዬ ነው። እሱ በመስታወት ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የሚያየው የእኔን እጅ ብቻ ነው። እጄን ሳነሳ አንድ ካቢን ያሳልፍና ያቆማል። አንድ ካቢን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ አሥራ ስምንት ጊዜ ይቆማል ማለት ነው፤ ዘጠኙ ሽቅብ፣ ዘጠኙ ቁልቁል።

ፒን ስሰካ የምላት ቃል አለችኝ። «ጌታ ሆይ፣ እንደወጡ መልሳቸው» እላለሁ። ይህን የጀመርኩት ባለቤቴ በሞተች ሰሞን ነው። ያኔ ሐሳቤ አልሰበሰብ ብሎኝ ካቢኑ ከሄደ በኋላ «ሰክቼዋለሁ ወይስ አልሰካሁትም?» እያልኩ አንጋጥጬ እጨነቅ ነበር። ስለዚህ ቃሏን ከእጄ ጋር አሠርኳት። ቃሏን ካልኩ ፒኑ ገብቷል፤ በቃ። ከዚያ በኋላ ጭንቀቱ ለቀቀኝ። ባልደረቦቼም ቄሱ የሚል ስም ያወጡልኝ በዚሁ ምክንያት ነው። አራት ዓመት ሙሉ ይህች ልማድ አላሳፈረችኝም። ከእግዚአብሔር ጋር የምነጋገር ይመስለኝ ነበር፤ ለካስ ከጊዜ በኋላ የምነጋገረው ከራሴ እጅ ጋር ኖሯል።

ወደ ቅዳሜው ስመጣ፣ ሙቀቱ የከበደ ቀን ነበር። የዕረፍት ወር ስለሆነ ሰልፉ እስከ ውሃ መሸጫው ድረስ ደርሷል። ባልና ሚስቱ ከቀኑ 9፡30 ገደማ ተራቸው ደርሶ መሳፈሪያው አጠገብ ቆሙ። ሚስትየዋ አጠር ያለች፣ ሣቂታ፣ ከእጇ አንጓ እስከ ክርኗ ግማሽ ድረስ የወረቀት አምባር የደረደረች ናት። እነዚህ አምባሮች በየፓርኩ መግቢያ የሚታሰሩት ናቸው። ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሁሉ ነበራት። ዓይኔ እዚያ ላይ ማረፉን አይታ፣

«አባባ፣ አይገረሙ፤ ይሄ አምስተኛችን ነው» አለችኝ። «ከተጋባን ሦስት ዓመታችን፣ አንድም ቀን ዕረፍት ወጥተን አናውቅም። ዘንድሮ በዘጠኝ ቀን አምስት ፓርክ።»

ባልየው ሴራሚክ አንጣፊ መሆኑንም የነገረችኝ እሷ ናት። ዓመቱን በሙሉ ወለል ላይ ተንበርክኮ ስለሚውል ከፍታ ያዞረዋል አለችና፣

«ይሄን ሰውዬ በገመድ እሰሩልኝ፤ መሃል ላይ እንዳይዘልብኝ» አለችኝ።

«አባባ፣ ለአፏም የሚሆን ፒን ካለዎት አንድ ይጨምሩልኝ» አለ እሱ።

«ፈሪ!»

«ዝም ካላልሽ ከላይ ነው የምወረውርሽ። ቢያንስ ጆሮዬ ያርፋል።»

እሷም መለሰችለት፤ ከኋላቸው የተሰለፉት ሣቁ፣ እኔም ሣቅኩ። ቅዳሜ ዕለት ለመርማሪው «ባልየው ከላይ እወረውርሻለሁ ሲላት ሰምቻለሁ» ብዬ ያስመዘገብኩት ይህንን ነው። ቃሉን ብሏል። አልዋሸሁም። ነገር ግን ቃሉን ብቻ ቆርጬ ሰጥቼ ሣቁን ደብቄያለሁ። እኔና ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት ስንነጋገር የኖርነው እንደዚያ ነበር። «ዛሬ ምግብሽ ካልጣፈጠ ቤቱን ጥዬልሽ ነው የምሄደው» ስላት፣ «ስትወጣ ቆሻሻውን ይዘህ ውጣ» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ያ አነጋገር ምን እንደሆነ ከሰው ሁሉ በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። እያወቅኩ ነው ያደረግኩት።

ከቀኑ 9፡40 ላይ ዘጠነኛው ካቢን ደረሰ። ፒኑን ነቅዬ በግራ እጄ ያዝኩ፤ የነበሩትን አወረድኩ፣ ሁለቱን አስገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ። መቀርቀሪያው ገባ። ፒኑን ልሰካ ስል ሚስትየዋ ስልኳን ዘረጋችልኝ።

«አባባ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያንሱን። ይሄ ሰውዬ ከላይ ዓይኑን ስለማይገልጥ እዚሁ እንነሳ።»

ፒኑን በጣቶቼ መሃል እንደያዝኩ ስልኩን ተቀብዬ አነሳኋቸው። ሳሳያት ከት ብላ ሣቀች። ቀዩ ጨርቅ ሙሉ በሙሉ ፊታቸው ላይ ወጥቷል።

«አባባ፣ ያነሱት ጨርቁን ነው እኮ! እኛስ?»

ስለዚህ ፒኑን ደረት ኪሴ ከትቼ በሁለት እጄ ደገምኩ። ስልኩን ስመልስላት፣ «እርስዎስ ከሚስትዎ ጋር ወጥተው ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀችኝ። «አትወድም ነበር» አልኳት። ባለቤቴ ምሳዬን ይዛ ስትመጣ ሁልጊዜ ከመሳፈሪያው ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበር። ዓይኔ ወደዚያ ወንበር ሄደ። ሌሎች ሰዎች ተቀምጠውበታል። ከሰልፉ አንዱ «አባት፣ ፈጠን በሉ እንጂ፣ ተቃጠልን!» ብሎ ጮኸ። ዓይኔ ወንበሩ ላይ እንዳለ፣ ስልኩን በሰጠሁበት እጄ በሩን ነካ አድርጌ፣ «ጌታ ሆይ፣ እንደወጡ መልሳቸው» አልኩ። ከዚያ እጄን አነሳሁ። ቀጮ አንቀሳቀሰ።

ቃሏን ብያለሁ። ስለዚህ ለእኔ ፒኑ ገብቷል። ከአሥረኛው ጀምሮ ያሉትን እንደወትሮዬ አስገባሁ፣ ሰካሁ፣ ጸለይኩ። ምንም አልጠረጠርኩም።

ዘጠነኛው ካቢን ጫፍ ላይ ሲደርስ ላቤን ልጠርግ መሐረቤን ከደረት ኪሴ ላወጣ እጄን ሰደድኩ። ጣቴ ብረት ነካ። በዚያ ሙቀት ውስጥ ብረቱ እንደ በረዶ ቀዘቀዘኝ። ሳላወጣው አወቅኩት። ሆኖም ያወቅኩትን ላለማወቅ ወዲያው ምክንያት ፈለግኩ። «የአራተኛው ይሆናል» አልኩ ለራሴ። አራተኛው ካቢን ወንበሩ ስለተሰበረ በሽቦ ታስሮ ባዶውን ነው የሚዞረው፤ ፒኑም እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። ግን የአራተኛው ፒን ቀበቶዬ ላይ ካለው ቀለበት እንደተንጠለጠለ በግራ ክንዴ ይሰማኛል። ይሰማኛል! ያም ሆኖ፣ «ጸልየህ የለ? ቃሏን ብለህ የለ? እንዴት አይገባም?» እያልኩ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ቀና ብዬ አየሁ። ዘጠነኛው ከሁሉ በላይ ነበር። የእሷ እጅ በአምባሩ ከዳር ወጥቶ ለታች ሰዎች ሲያውለበልብ አየሁ።

እዚህ ላይ መርማሪው «ፒኑን ኪስዎ ውስጥ ካገኙበት ሰዓት ጀምሮ ለቀጮ እስከነገሩበት ድረስ ስንት ጊዜ ቆመ?» ሲል ጠየቀኝ። አምስት ጊዜ። ይህንን ማንም አያውቅም፤ ቀጮም አያውቅም። የሰው ልጅ ይረሳል፤ መርሳቴን ይቅር የሚለኝ አይጠፋ ይሆናል። አምስቱን ግን ረስቼ አይደለም።

በመጀመሪያው ፒኑን አውጥቼ ቁጥሩን አየሁ። ዘጠኝ ይላል። እጄ ውስጥ ጨበጥኩት። ከጫፍ አንድ ወርዳ ስምንት ቀርቷታል። «ስምንት ብቻ ነው፣ ትወርዳለች፣ ማንም ሳያውቅ በሩን እከፍትላታለሁ» አልኩ። በሁለተኛው አንድ አባትና ሴት ልጁን አስገባሁ፣ የእነሱን ፒን ሁለት ጊዜ ነካክቼ አረጋገጥኩ። ቃሏን ሳልል እጄን አነሳሁ። በሦስተኛው በሩን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ አንዲት ሴትዮ «አመመዎት እንዴ አባቴ?» አለችኝ፤ «ሙቀቱ ነው» አልኳት። በእያንዳንዱ መቆም ላይ ካቢኖቹ ይወዛወዛሉ። የፈራሁት ለእሷ ብቻ ቢሆን ኖሮ እጮህ ነበር። ለራሴም ስለፈራሁ ነው ዝም ያልኩት። በስድሳ አንድ ዓመቴ ከሥራ ስባረር፣ በር መዝጋት ያቃተው ሽማግሌ ስባል ታየኝ። የሁለቱን ፍርሃት ለይቼ የትኛው እንደበለጠ ዛሬም መናገር አልችልም። አራተኛው ላይ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። አምስተኛው ላይ እጄን አንስቼ ቀና ስል፣ ሚስትየዋ ከወንበሯ ተነስታ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ቆማለች። ባልየው መሃል ያለውን ብረት አቅፎ ዓይኑን ጨፍኗል፤ እሷ ስልኳን ይዛ ልታነሳው ትሞክራለች። ስትሥቅ ድምፅዋ ይሰማኛል።

ያን ጊዜ ወደ መስታወቱ ክፍል ሮጥኩ። በክፍሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ደንብ አለ፤ እኔም ቀጮም በቃላችን ነው የምናውቀው። በር የተከፈተበት ካቢን ካለ ማሽኑ በድንገት አይቆምም፤ በዝግታ፣ ሳይቋረጥ ወደ መሬት ይወርዳል። እኔ ማለት የነበረብኝ «ቀጮ፣ ሳታቆም በቀስታ አውርድልኝ» ብቻ ነው። ጊዜውም የነበረኝ ከላይ ሳለች ነበር። አምስት ጊዜ ዝም ብዬ ካጠፋሁት በኋላ ግን ከአፌ የወጣው ሌላ ነው። ካቢኖቹ እየተንቀሳቀሱ ሳለ መስታወቱን በጡጫ እየመታሁ «ዘጠኝ ክፍት ነው! ዘጠኝ ክፍት ነው!» ብዬ ጮህኩ። ቀጮ ደነገጠና ቀዩን ማቆሚያ መታው። መንኮራኩሩ በአንዴ ቀጥ አለ። ቀጮ ጥፋት የለበትም፤ ያስደነገጥኩት እኔ ነኝ።

ካቢኑ ወደ ፊት ተወረወረና ተመለሰ። በሩ ሲከፈት አየሁ። ከፍታው የሁለት ፎቅ ያህል ይሆናል። ሚስትየዋ በጀርባዋ ወጣች።

ቅዳሜ ዕለት «ፊቴን ወደ መስታወቱ አዙሬ ስለነበር የሆነውን አላየሁም» ብያለሁ። ይህ አንደኛው ውሸት ነው። አይቻለሁ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አይቻለሁ። ያ ከፍታ የሚያዞረው ሰው ያቀፈውን ብረት ለቆ፣ በሆዱ ወለሉ ላይ ተጥሎ፣ እስከ ደረቱ ውጭ ወጥቶ እጇን ያዘ። አንጓዋን ነው የያዘው። እግሯ አየር ላይ ተንጠለጠለ። «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ፣ ወደ ታች አትዪ» ይላት ነበር። እሷ አልጮኸችም። «እንዳትወድቅ፣ አንተ እንዳትወድቅ» ነው ያለችው። «አባታችን ሆይ»ን እስከ እኩሌታው ለማድረስ የሚበቃ ጊዜ ይዟታል። እኔ ግን ጸሎት አልመጣልኝም፤ ፒኑን ጨብጬ ቆሜ ነበር። ከዚያ የያዘው አምባሮቿን ስለነበር አንድ በአንድ ተበጠሱ። በሰልፉ ላይ በተዘረጋው የሸራ ጥላ ላይ ወደቀች፤ ሸራው ተቀደደና መሬት ደረሰች። ሸራው ባይኖር ዛሬ በሕይወት አትኖርም ነበር ብለዋል ሐኪሞቹ። እስከ ዛሬ ጠዋት ግን አልተናገረችም።

ከሰልፉ ውስጥ በስልክ የቀረፀ ሰው አለ። ተንጠልጥላ ሳለች ቀርፆ እንዳልደረሰ፣ በቀረፀው ላይ የሚታየው የተዘረጋ የወንድ ክንድና የምትወድቅ ሴት ብቻ መሆኑን መርማሪው ራሱ ነግሮኛል። ያ የተዘረጋው ክንድ የሚገፋ ክንድ አይደለም። የሚይዝ ክንድ ነው። ካቢኑ ሲወርድ በሩ ጋ የደረስኩት እኔ ነኝ፤ ባልየው በሆዱ እንደተኛ ነበር። ቀኝ እጁ ተጨብጦ አልዘረጋ አለ። እኔና ቀጮ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስንፈታ በመዳፉ ውስጥ የተበጠሱ አምባሮች ነበሩ፤ ሰማያዊና ቢጫ። ያ «የትግል ምልክት» ተብሎ በማስረጃነት መያዙን ሰምቻለሁ። ትግልስ ነበር። ከእሷ ጋር ግን አልነበረም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ውሸት፣ የከፉት፣ ስለ ፒኑ የተናገርኳቸው ናቸው። መርማሪው ቅዳሜ «ፒኑን አስገብተዋል?» ሲለኝ «በሚገባ አስገብቻለሁ» አልኩ። «ታዲያ የት ሄደ? ካቢኑ ላይ የለም» ሲለኝ፣ «ከውስጥ እጁን አሾልኮ የነቀለው ሰው ይኖራል» አልኩ። «ይቻላል?» አለኝ። «ረጅም እጅ ላለው ይቻላል» አልኩ። ባልየው በመስኮቱ በኩል ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ ይታይ ነበር። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ክንዱም ረጅም ነው። ስሙን አልጠራሁም። ሁለታችንም ግን ወደ እሱ አየን። ይህን ስል ፒኑ ደረት ኪሴ ውስጥ ነበር። ልቤ ሲመታ የሚታይ መስሎኝ እጄን በደረቴ ላይ አድርጌ ይዤው ነበር፤ መርማሪው የልብ ሕመም መስሎት ውሃ አስመጣልኝ። ጠጣሁት።

እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሥራ ስገባ ሦስት ፖሊሶች በመንኮራኩሩ ሥር ሣሩ ላይ በጉልበታቸው እየዳሁ ፒኑን ይፈልጉ ነበር። አንደኛው «አባባ፣ እርስዎ መልኩን ያውቁታል፣ እስቲ ያግዙን» አለኝ። እምቢ ማለት ፈራሁ። ተንበርክኬ አብሬያቸው ፈለግኩ። እስከ አምስት ሰዓት ድረስ፣ ቤቴ ያስቀመጥኩትን ዕቃ ሣር እየገለጥኩ ፈለግኩ። ጉልበቴ ለጸሎት እንጂ ለውሸት ተንበርክኮ አያውቅም ነበር። ፒኑን ያስቀመጥኩት በር ጀርባ በተሰቀለው የባለቤቴ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው። ለምን እዚያ እንዳደረግኩት ተጠይቄ ነበር፤ በቤቴ ውስጥ ማንም የማይነካው ኪስ እሱ ብቻ ስለሆነ ነው።

ሰኞ ከቀኑ 8 ሰዓት ባልየውን እጁን አስረው ቦታውን እንዲያሳይ ወደ ፓርኩ አመጡት። ባለፈ ጊዜ አየኝ። ጢሙ አድጓል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ይሰድበኛል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣

«አባባ፣ እርስዎ ከታች ነበሩ» አለኝ። «ይዣት እንደነበር አይተዋል። እባክዎ አንድ ቃል ይንገሩልኝ። እኔ ምንም ብሆን ግድ የለኝም፤ ግን ስትነቃ ገፋኝ ብላ እንዳታስብ። አጠገቧ እንድሆን ይፍቀዱልኝ።»

«አላየሁም ልጄ» አልኩት። ልጄ አልኩት ደግሞ። ይህ ቃል ከአፌ ሲወጣ የተሰማኝ ፍርሃት በዚያ አምስት መቆም ውስጥ እንኳ አልተሰማኝም። የዚያን ጊዜ የፈራሁት ሰው እንዳያውቅብኝ ነበር። ሰኞ የፈራሁት ግን ማንም ሳያውቅ ቀርቶ በዚሁ እንዳልኖር ነው። ማታ እንደ ልማዴ ልጸልይ ቆሜ፣ አራት ዓመት ያልኳት ቃል አልወጣ አለችኝ። እንደወጡ መልሳቸው ብዬ ማንን ልለምን? አንዷ አልተመለሰችም፤ አንዱን ደግሞ እንዳይመለስ የያዝኩት እኔ ነኝ። ሌላም ጸሎት ሞከርኩ። ዓይኔ ካፖርቱ ላይ እየሄደ አስቸገረኝ።

ለምን ዛሬ እንደመጣሁ መርማሪው ጠይቆኛል። ሕሊናዬ ወቀሰኝ ብዬ ባስመዘግብ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን እሱም ሙሉ እውነት አይደለም። ጠዋት ስነሳ ትዝ ያለኝ ያ የመጀመሪያው ፎቶ ነው። ቀዩ ጨርቅ ፊታቸው ላይ የወጣበት። በዚያ ፎቶ ላይ በሩ ተዘግቷል፣ ፒኑ ደግሞ በእኔ ጣት ውስጥ ነው። ፖሊስ ስልኳን ከከፈተው ያበቃልኛል። ስለዚህ እዚህ ስደርስ መጀመሪያ ያደረግኩት ቃሌን መስጠት አልነበረም። ከጠዋቱ 2፡15 ላይ ገብቼ «የልጅቷ ስልክ ምን ሆነ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ለእሷ አስቤ የጠየቅኩ አስመሰልኩት። መርማሪው ከመሳቢያው በላስቲክ የታሸገ ስልክ አውጥቶ አሳየኝ። ለሁለት ተሰብሯል። «ባለሙያ አይቶታል፤ ከዚህ ውስጥ ምንም አይወጣም፣ አባት» አለኝ።

ስለዚህ የለም። ፎቶው የለም። ፒኑን ማንም አያገኘውም። ልጅቷ ብትነቃም ስለ ፒን የምታውቀው ነገር የለም። ቀጮ ያየው እጄን ብቻ ነው። «እንግዲያው በደህና ዋሉ» ብዬ ተነስቼ እስከ በሩ ደርሻለሁ። የበሩ እጀታ ላይ እጄን ሳሳርፍ፣ እጄ እንደ ልማዱ በሩን ነካ አደረገና አፌ በራሱ «ጌታ ሆይ፣ እንደወጡ መልሳቸው» አለ። ማታ እምቢ ያለችኝ ቃል ናት። መርማሪው «ምን አሉኝ?» አለ። በጣም ፈራሁ። በሩን ሳልከፍት ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ ጠዋት ቤት ልተወው ፈርቼ ከካፖርቱ ያወጣሁትን ፒን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አደረግኩ። ቁጥሩን እሱ ራሱ ጮክ ብሎ አነበበው። ዘጠኝ።

ከዚህ በኋላ ቃሌ በምስክርነት ሳይሆን በተጠርጣሪነት ሊያዝ እንደሚችል፣ ዛሬ ወደ ቤቴ ላልመለስ እንደምችልም ተነግሮኝ ተረድቻለሁ። የቤቴን ቁልፍ ለቀጮ እንዲሰጥልኝ ጠይቄያለሁ።

የተጻፈው ሁሉ ከመፈረሜ በፊት ሁለት ጊዜ ተነበበልኝ። የሰማሁት የተናገርኩትን ነው። የቅዳሜውንም ውሸት የፈረምኩት በዚህችው እጅ ስለሆነ ፊርማዬ ብቻውን እንደማይበቃ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከፊርማዬ ጋር ፒኑን አስረክቤያለሁ። ሲነበብልኝ ግን አንድ የቀረ ነገር አገኘሁና እንዲጨመር ጠየቅኩ። መርማሪው «ለጉዳዩ አያስፈልግም» ቢለኝም፣ ቅዳሜም የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው ብዬ ስለለመንኩት ጽፎልኛል። ባልየው በሰልፉ ላይ «ከላይ ነው የምወረውርሽ» ባላት ጊዜ እሷ ክንዱን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ «እኔ ከወደቅኩ ጠዋት ጠዋት ካልሲህን ማን ያገኝልሃል?» ብላዋለች። እሱም «እሱስ እውነትሽን ነው» ብሎ እጇን ያዘ። ካቢኑ ውስጥ እስኪገቡ ድረስ አልለቀቃትም።

የቃል ሰጪው ፊርማ፦ (ፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ፈርሟል)
ሲነበብ የነበረ ታዛቢ ፊርማ፦ (ፈርሟል)
የተረከብነው ማስረጃ፦ አንድ የብረት ፒን፣ ቁጥር 9፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት
ቃሉ ያለቀበት ሰዓት፦ ከጠዋቱ 5፡10